ከቁርጥራጭ የተቀጠለው ሽቦ

ነገሩ ሁሉ የጀመረው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የምደባ ወረቀቴን ይዤ ናዝሬት ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት የጥገና ወርክሾፕ በር ላይ ቆሜ፣ ለዘበኛው ምን ብዬ እንደምጀምር በልቤ እለማመድ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ምህንድስና አስተምሮኛል፤ ሰው ፊት መናገር ግን አላስተማረኝም። ዘበኛው ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየና «ታይፕ ቢሮው በዚያ በኩል ነው፣ እህቴ» አለኝ። ታይፒስት መስየው ነው። ላርመው አፈርኩና ወደ ጠቆመኝ ሄድኩ። መልሳ ወደ ወርክሾፑ ያደረሰችኝ ታይፒስቷ ናት።

አሁን ሥራዬ ሌላ ነው። እዚሁ ናዝሬት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሰው በእኔ ዕድሜ ጡረታ አይወጣም፤ ከብየዳ ግን ጡረታ የወጣሁ ያህል ነው የሚሰማኝ። ተማሪዎቼ አንዳንድ ጊዜ «ቲቸር፣ ፋብሪካውን ለምን ተዉት?» ይሉኛል። «ደከመኝ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ለማስረዳት ረጅም ስለሆነ ነው ይህን መጻፌ።

ያን ዕለት ጠዋት በብየዳ ክፍሉ ጥግ፣ በሸራ ከተጋረደው ቦታ ውስጥ፣ ጋሽ ቶሎሳ ጎንበስ ብለው ይሠሩ ነበር። የተወለዱት ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ገጠር ነው። ሙያውን የተማሩት በልጅነታቸው ከአንድ ጣሊያን ጋራዥ ነው። የአርጎን ብየዳ መሣሪያው ከምሥራቅ ጀርመን በመጣ ጊዜ ሊነካው የደፈረ እሳቸው ብቻ እንደነበሩ ነገሩኝ። የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ግርማ «አዲሷ ኢንጅነር ናት፤ ጥራት ትቆጣጠራለች» ብሎ ሲያስተዋውቀኝ፣ ጋሽ ቶሎሳ ጭንብላቸውን ከፍ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ዓይንሽ ደህና ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ደህና ነው።»

«እንግዲያው ቁጭ በይ። ለመቆጣጠር መጀመሪያ ማየት ነው።»

ስቴንለስ የሚባለውን የማይዝግ ብረት የምንበይደው በአርጎን ነው። በአንድ እጅ ቶርች፣ በሌላው ቀጭን የመሙያ ሽቦ ይያዛል። ቶርቹ ብረቱን አቅልጦ ትንሽ ኩሬ ይሠራል፤ ሽቦው ጫፉ እየተነከረ ኩሬውን ይሞላል፤ አርጎን የሚባለው ጋዝ ደግሞ አየር እንዳይነካው ይከልላል። ሥራው ይኸው ነው። የሚበላሸው ግን በብዙ መንገድ ነው፤ አብዛኛው ችግር ደግሞ ከዚያች ቀጭን ሽቦ ይመጣል።

ጋሽ ቶሎሳ ሽቦ የሚያጸዱበት ነጭ ጨርቅ ነበራቸው። ባለቤታቸው ለብቻው አጥበው፣ በወረቀት ጠቅልለው ይሰጧቸዋል። እሳቸውም ለላባቸው እንኳ አይነኩትም። ሽቦውን በአልኮል በራሰው ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስበው፣ ጨርቁን ወደ ብርሃን ያዩታል። ከጠቆረ ይደግሙታል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ ሥራ አቋርጠው እንደገና በጀመሩ ቁጥር የሽቦውን ጫፍ ጥፍር ታህል ቆርጠው ይጥላሉ። ገና ደህና የሆነ፣ የሚያብረቀርቅ ሽቦ። በዚያ ሽቦ በጠፋበት ዘመን።

ለምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። የጋለ ጫፍ ከጋዙ ሲወጣ አየር አግኝቶት ይጠቁራል፤ ያ ጥቁር ተመልሶ ኩሬው ውስጥ ከገባ ብረቱ ውስጥ ይቀራል። ማወቄን ግን አልተናገርኩም። እሳቸው ራሳቸው ነገሩኝ፤ «ማንኪያ መሬት ላይ ቢወድቅ አንስተሽ ወጥ ውስጥ ትነክሪዋለሽ?» ብለው።

ከእሳቸው ጋር ብዙ ቦታ ዞሬያለሁ። ዝዋይ ላይ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ጋዙን እየጠረገ ብየዳው አመድ መሰለብን፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ ስንሄድ የምንሠራው ጠዋት ብቻ ሆነ። አርሲ ነገሌ አንድ የወተት ታንከር ላይ የበየድነው መስመር እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቶ ወጣ። ጋዙን ቀየርን፣ ጋዙ የሚመጣበትን ጎማ ፈተሽን፣ የቶርቹን መርፌ ደግመን ሳልን። አልሆነም። በመጨረሻ ሽቦውን አፍንጫዬ ላይ አስጠጋሁት፤ ዘይት ዘይት ይላል።

«ጋሽ ቶሎሳ፣ ይሽተቱት እስቲ።»

አሸተቱትና የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሠራተኛ አስጠሩት። ሰውየው ሽቦው ውድ መሆኑን ሰምቶ፣ እንዳይዝግበት ብሎ፣ በገዛ እጁ የሞተር ዘይት ቀብቶ በጆንያ ጠቅልሎ አስቀምጦታል።

«የማይዝገውን እንዳይዝግ ቀባኸው?» አሉት ጋሽ ቶሎሳ።

«ዘይት ቀባሁት እንጂ መርዝ አልቀባሁት!» አለ ተቆጥቶ። በሽቦው ላይ የነበረው ዘይት ሲቃጠል በኩሬው ውስጥ ጋዝ እየሆነ እንደሚወጣና ቀዳዳ እንደሚተው ሊያምነን አልቻለም። እስክንሄድ ድረስም ሰላም አላለንም።

ከእኛ ጋር የሚሠራ ታደለ የሚባል በያጅ ነበር። ጥሩ እጅ አለው፤ አፉ ከእጁ ይፈጥናል። «ኢንጅነሯ ከብረት ጋር ነው የምታወራው፤ እኛ እስክንዝግ እየጠበቀች ነው» ይል ነበር እኔ እየሰማሁ። እየሳቅሁ አንገቴን እደፋ ነበር። አልጠላሁትም። ምሳ ሳልይዝ በመጣሁበት ቀን ሳይጠይቀኝ ግማሹን የሚያካፍለኝ እሱ ነው።

በኋላ የቁጠባ ዘመቻ መጣ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ እንዳይባክን ተባለ፤ በየክፍሉ ስብሰባ ተደረገ። በብየዳ ክፍሉ መሀል አንድ ትልቅ ጣሳ ተቀመጠ፤ በያጁ ሁሉ በእጅ ሊያዝ የማይችለውን አጭር የሽቦ ቁራጭ እዚያ ይጨምር ጀመር። ታደለ አንድ ዘዴ አመጣ። ቁራጮቹን ጫፍ ለጫፍ በይዶ፣ መገጣጠሚያውን ሞላ በሚባለው የብረት መፍጫ ፈጭቶና አለስልሶ፣ እንደገና ሙሉ ሽቦ ያደርጋቸዋል። ከአዲስ አይለዩም። በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከአውራጃው የመጣው ካድሬ ሽቦውን ከፍ አድርጎ አሳየን፤ አዳራሹ አጨበጨበ፤ ታደለ ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ ደረቱ ላይ ኮከብ ተደረገለት። በዚያው ስብሰባ ላይ ጋሽ ቶሎሳ ጫፍ እየቆረጡ በመጣላቸው ተገሠጹ። ተቀምጠው እጃቸውን ያዩ ነበር።

ከዚያ የመቂው ሥራ መጣ። መቂ አጠገብ ያለ አንድ የመንግሥት እርሻ ለቲማቲም ማቀነባበሪያው ትልቅ የስቴንለስ ታንከር ፈለገ። ቲማቲሙ እየቀላ ነው፤ ቀኑ አጭር ነው። እኔ ያን ጊዜ ዱከም ሌላ ሥራ ላይ ተመድቤ ነበር። ጋሽ ቶሎሳ ታንከሩ ውስጥ ገብተው ይበይዳሉ፤ ታደለ ደጅ ሆኖ ሽቦ በመግቢያው ቀዳዳ ያቀብላቸዋል። አዲሱ ሽቦ አለቀ። ጓድ ግርማ «በቅጥያው ጨርሱ» አለ። ታደለም ቅጥያውን አቀበለ።

ጋሽ ቶሎሳ በኋላ እንደነገሩኝ፣ የዚያን ዕለት ኩሬው አንዳንዴ ይከብዳቸው ነበር። እንደ ልማዱ አይፈስም፤ ይተፋል፤ ከዚያ ደግሞ ይስተካከላል። ታንከሩ ውስጥ ሙቀቱ አይቻልም። «ዓይኔ ነው ብዬ ተውኩት» አሉኝ። «ዕድሜ ነው ብዬ።»

ታንከሩ ሥራ ጀመረ። የቲማቲሙ ወቅት ሳያልቅ መስመሮቹ ዛጉ፤ ቀጥሎ በሦስት አራት ቦታ ማንጠባጠብ ጀመረ። አንድ ሙሉ ታንከር የቲማቲም ድልህ ዝገት ገብቶበት ተደፋ። ከመቂ አርሶ አደሮች የተረከቡት ቲማቲም ጭነት መኪና ላይ እንዳለ ፀሐይ በላው። በማግሥቱ ጋሽ ቶሎሳን ከቤታቸው ወስደው የእርሻው ጥበቃ ክፍል ውስጥ አስቀመጧቸው። የተነገረው ቃል «የኢኮኖሚ አሻጥር» የሚል ነበር። ያን ጊዜ የኖረ ሰው ይህ ቃል ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። በቁጠባ ላይ ያመፀ፣ ከጣሊያን የተማረ፣ ታንከሩን ብቻውን የበየደ ሽማግሌ። ነገሩ በሙሉ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ይመስል ነበር።

ጓድ ግርማ ከዱከም አስጠራኝ። «ሄደሽ እዪና በስብሰባው ላይ ምክንያቱን ታስረጃለሽ» አለኝ። ቀጥሎም ዓይኔን ሳያይ «የሙያ ጉድለት ከሆነ የሙያ ጉድለት ነው» አለ። ምን እንድል እንደፈለገ ገባኝ።

ታንከሩ ውስጥ ስገባ የቲማቲም ሽታ ገና አልወጣም ነበር። ባትሪዬን አብርቼ መስመሩን ተከተልኩት። ጋዙ አንሶ ቢሆን ኖሮ መስመሩ በሙሉ ይጠቁር ነበር። የእጅ ስሕተት ቢሆን ዝገቱ በመጀመሪያውና በማቆሚያው ላይ ይበዛ ነበር። ይህ ግን ሌላ ነው። ትንሽ መስመር ይዝጋል፤ ከዚያ ንጹሕ የሆነ፣ የጋሽ ቶሎሳ እጅ ያረፈበት፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ ብየዳ ይመጣል፤ ከዚያ ደግሞ ይዝጋል። ሰው በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ሙያውን ረስቶ መልሶ አያስታውስም። የተለዋወጠው እጁ ሳይሆን እጁ የያዘው ነገር መሆን አለበት።

ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የፈታሁት ማግኔት ነበረኝ። መስመሩ ላይ ሳስኬደው፣ በንጹሑ ላይ ሳብ ሊያደርገኝ ይሞክርና ይለቃል፤ ስቴንለስ ሲበየድ ያን ያህል መሳብ ያለ ነገር ነው። ዝገቱ ላይ ሲደርስ ግን ጥርቅ ብሎ ይጣበቃል። የሚዝገው ተራ ብረት፣ ጥቁር ብረት የምንለው ነው።

ናዝሬት ተመልሼ ከተረፉት ቅጥያ ሽቦዎች አንዱን አነሣሁ። ማግኔቱ አንዱን ስንዝር ይይዛል፤ ቀጣዩ ላይ ይወድቃል፤ ደግሞ ይይዛል። ጣሳው አንድ ብቻ ነበረ፤ የስቴንለስ ሽቦ ቁራጭም፣ መዳብ የተቀባው የጥቁር ብረት ሽቦ ቁራጭም የሚጣለው እዚያው ነው። መዳቡ በመፍጫው ከተላጠ በኋላ ሁለቱም ነጭ ናቸው። በዓይን የሚለያቸው የለም።

ታደለን ከክፍሉ በስተኋላ፣ ባዶ ሲሊንደሮች ከተደረደሩበት አገኘሁት።

«ታደለ፣ ያ ሽቦ...»

«አውቃለሁ» አለኝ ሳልጨርስ። «ማግኔት ይዘሽ ስትዞሪ ሳይሽ ነው የገባኝ።»

«ምን ላድርግ?»

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ?» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «አራት ልጆች አሉኝ፣ ሩት። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ምን ያደርጓቸዋል? እኔን ግን...»

እሱም አልጨረሰውም። ከሁለቱ፣ ከእሱና ከጋሽ ቶሎሳ፣ አንዱ አጥፊ መሆን እንዳለበት ሁለታችንም ያሰብን ይመስላል።

ቤት ስገባ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ «ዓይን ውስጥ አትግቢ» የሚል ሰው ነው። እሑድ መዝሙር የምንዘምረው መስኮት ዘግተን፣ በሹክሹክታ ነበር። እኔ ዝምታን የተማርኩት ከተፈጥሮዬ ብቻ አይደለም። ሰምቶኝ ሲያበቃ ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ። «ሐሰት አትናገሪ» አለኝ። «ከዚህ የበለጠ ምክር የለኝም። ከዚህ ያነሰም የለኝም።»

ስብሰባው በወርክሾፑ አዳራሽ ተደረገ። ጋሽ ቶሎሳን ከመቂ አምጥተው ፊት አስቀመጧቸው። ጺማቸው አድጓል። ካድሬው ያው ሽቦውን ከፍ አድርጎ ያሳየን ሰው ነው።

«ታንከሩን የበየድከው አንተ ነህ?» አላቸው። በልጁ ዕድሜ ያለ ሰው «አንተ» ሲላቸው አዳራሹ ውስጥ እግር ተንቀሳቀሰ።

«እኔ ነኝ።»

«ሽቦ በማባከን ተገሥጸሃል?»

«ጫፉን መቁረጤ እውነት ነው።»

«ታንከሩ ለምን ዛገ?»

«ዓይኔ ደክሞ ይሆናል» አሉ። ታደለን አላዩትም። ቅጥያውን ማን እንደሠራውና ማን እንዳቀበላቸው ግን ያውቁ ነበር።

ስሜ ተጠራ። ተነሥቼ ተናገርኩ፤ ከኋላ «አይሰማም!» የሚል ጩኸት መጣ። ድገሚ ተባልኩ። በመድገም ፈንታ ወደ ጠረጴዛው ሄጄ ሽቦውንና ማግኔቱን ካድሬው ፊት አስቀመጥኩ።

«እርስዎ ይሞክሩት» አልኩት።

ተጠራጥሮ አነሣው። ማግኔቱ ተጣበቀ። ገፋው፤ ወደቀ። እንደገና ገፋው፤ ተጣበቀ። እንደ ልጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደበት።

«ሁለት ዓይነት ብረት ነው» አልኩ። አሁን ድምፄ ተሰማ፤ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ስለነበር ነው። «የሚዝገውና የማይዝገው በአንድ ጣሳ ተጠራቅመው ተቀጥለዋል። ታንከሩ የዛገው የሚዝገው ባረፈበት ቦታ ብቻ ነው። ጋሽ ቶሎሳ የበየዱት መስመር ደህና ነው።»

«ማነው የቀጠለው?»

የታደለን ጫማ አየሁ። ፊቱን ለማየት አልደፈርኩም። ሐሰት አትናገሪ ተብያለሁ።

«ጓድ፣ ይህን ሽቦ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አጨብጭበንለታል» አልኩ። «ሁላችንም ነበርን። እርስዎም ነበሩ።»

ይህን ለማለት አስቤ አልነበረም። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ካድሬው ማግኔቱን ከሽቦው ለማላቀቅ ሲታገል፣ ጓድ ግርማ ፊቱ አመድ መስሎ ተነሣና «ጉዳዩ ቴክኒካዊ ነው፣ ጓድ» አለ።

«ታንከሩ ይስተካከል» አለ ካድሬው በመጨረሻ። «ሰውየው ይሥራ። ሌላው በኋላ ይታያል።»

«በኋላ ይታያል» የሚለው ቃል ብዙ ወር ከላያችን አልወረደም። ታየ የተባለ ነገር ግን የለም። ታደለ ኮከቡን ማንም ሳይጠይቀው አወለቀ። ጋሽ ቶሎሳ ዓመቱ ሲያልቅ ጡረታ ወጡ። እኔ ትንሽ ቆይቼ ጥራት ቁጥጥር ከሚባለው ወንበር ወደ መዝገብ ክፍል ተዛወርኩ፤ ምክንያቱ አልተነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ስወጣ እግሬ መክበድ ጀመረ። ለማስተማር አመለከትኩ። ከዚያ ሁሉ ዘመን ደጋግሜ የማስበው ግን የስብሰባውን ማግሥት ነው።

ያን ዕለት ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ በሞጆ በኩል ወደ መቂ ሄድኩ። ታደለ ከኋላ ወንበር ላይ መፍጫውን በጆንያ ይዞ ተቀምጧል። ተያየን፤ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ቶሎሳ ከስብሰባው በኋላ በማታው መኪና ወደ መቂ ተመልሰው፣ ሌሊቱን እዚያው አድረው ታንከሩ ውስጥ ገብተው ነበር። ሦስታችን የዛገውን መስመር በኖራ ምልክት አድርገን እስከ ረፋድ ድረስ ፈጨን። ብረቱ ነጭ ሆኖ ሲወጣ፣ ታደለ ከዱከም ያስመጣሁትን አዲስ ሽቦ በመግቢያው አቀበለ። ለጋሽ ቶሎሳ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

«ሽቦው መሆኑን ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ኩሬው ሲከብደኝ ግን ማቆም ነበረብኝ። እጄ ነግሮኛል፤ እኔ አልሰማሁትም። አንቺ ያዢው።»

«እኔ እኮ ለሥራ በይጄ አላውቅም።»

«ስታዪ ከርመሻል።»

ጭንብላቸውን አወለቁና አጠለቁልኝ፤ በላባቸው ሞቋል። ተንበርክኬ ቶርቹን ለኮስኩ። ኩሬው ተከፈተ፤ ሽቦውን ነከርኩ፣ አወጣሁ፣ ነከርኩ። ስንዝር ያህል ሄጄ አቆምኩ። ጋሽ ቶሎሳ ባትሪውን አስጠግተው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት። ወደ ግራ ተጣሟል።

«ፍጪውና እንደገና» አሉ።

ፈጨሁትና እንደገና ጀመርኩ።